በሁለት ልጆች መካከል ስለ ቆመ አባት ዱዓ

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት፣ ስለ ውርስና ስለ ዋስትና፣ ስለ አደራና ስለ ብድር በየመጻሕፍታቸው በሰፊው ጽፈውልናል። ነጋዴ የሆነ ሰው ለገበያው የሚያስፈልገውን ፍርድ ከእነርሱ ዘንድ አያጣም። ነገር ግን በእኛ ዘመን እነርሱ ያልተጠየቁት ጥያቄ ተወልዷል፤ እርሱም የአንዱን ልጅ መዳን ከሌላው ልጅ ሞት ጋር በአንድ ክር ያሰረ ጥያቄ ነው። በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በገበያችን ጨርቅ የሚነግድ፣ በልኩና በቃሉ የታመነ አንድ ሰው ከዒሻ ሰላት በኋላ ወደ እኔ ቀርቦ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስም ምንም አልተናገረም። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ታማ ነበር። የልቧ ጡንቻ ሰፍቶና ላልቶ ደምን ወደ ሰውነቷ መግፋት ስለ ተሳነው፣ ደረጃ መውጣት ቀርቶ ቁማ ጠጉሯን ማበጠር ያደክማት ጀመር። ሐኪሞቹ የሚቻለውን መድኃኒት ሁሉ ከሞከሩ በኋላ የቀራት ተስፋ የሌላ ሰው ልብ በደረቷ መትከል ብቻ መሆኑን ነገሩት። ሰውየውም ሱቁን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ፣ ልጁንና ሚስቱን ይዞ ወደ ውጭ ሀገር ሄደ፤ ስሟም በተራ ጠባቂዎች መዝገብ ተጻፈ፤ ከሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይተው አምስት ወር ጠበቁ። በዚያ ሌሊት ወደ እኔ የመጣው በዱቤ የሰጠውን ገንዘብ ሊሰበስብ ለሦስት ቀን ብቻ በተመለሰ ጊዜ ነው።

«ሸይኽ ሆይ፤» አለኝ፤ «የአዋቂ ሰው ልብ በሕፃን ደረት ውስጥ አይገባም። እኛ የምንጠብቀው የልጅ ልብ ነው። ሌሊት ተነሥቼ ሁለት ረክዐ ሰግጄ እጆቼን ባነሣሁ ጊዜ የምለምነው ምን እንደ ሆነ ይጠፋብኛል። ባለፈው ሳምንት ብርቱ ዝናብ ዘነበ። በመስኮት ቁሜ ስመለከት፣ ዛሬ መንገዱ መኪናዎችን ያዳልጣል፣ ምናልባት ሌሊቱን ይደወልልን ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳሰብሁ ገባኝና ከመስኮቱ ሸሸሁ። እስቲ ይንገሩኝ፤ የሰው ልጅ ይሙትልኝ ብዬ የምለምን ሰው ሆኛለሁን?»

ይህ ሰው ነጋዴ በመሆኑ ነገሩ የባሰ ከብዶት ነበር። ኢማም አል ገዛሊ ስለ ሥራና ስለ ትርፍ በጻፉት ክፍል፣ ከቀደሙት ደጋግ ሰዎች አንዱ ልጅን ለሁለት ንግዶች አሳልፎ መስጠት መልካም እንዳልሆነ መምከሩን ያወሳሉ፤ አንደኛው የእህል ንግድ፣ ሁለተኛው የከፈን ንግድ ነው። እህል ሻጭ የዋጋን መወደድ፣ ከፈን ሻጭም የሰዎችን ሞት እንዳይመኙ ያሰጋልና። ጨርቅ ነጋዴው ይህን ነገር በልጅነቱ ከአባቱ አፍ ሰምቶት ነበር። ስለዚህም ነጩን አቡጀዴ ለከፈን የሚፈልግ ሰው ወደ ሱቁ ሲመጣ በገዛበት ዋጋ ይሰጠው ነበር እንጂ አንዲት ሣንቲም አያተርፍበትም ነበር። አሁን ግን የኑሮው ትርፍ ሁሉ በአንድ የማያውቀው ልጅ ከፈን ላይ የተንጠለጠለ መሰለው።

የመለስሁለትን ቃል እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ብዙ አባቶችና እናቶች ይህንኑ ነገር ለማንም ሳይናገሩ በልባቸው ይዘው እንደሚኖሩ ከዚያ ወዲህ ተረድቻለሁና።

በልብ ውስጥ ብልጭ ብሎ ያለፈ ሐሳብ፣ ሰውየው እስካልተናገረው ወይም እስካልሠራበት ድረስ እንደማይያዝበት ነቢዩ (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) አስተምረውናል። ከመስኮቱ መሸሹ ራሱ ሐሳቡን እንዳልተቀበለው ምስክር ነው። ልቡ የደነደነ ሰው ቢሆን ኖሮ ቁሞ ዝናቡን ያይ ነበር። ነገር ግን ይህ ብቻ ቢባልለት አይበቃውም፤ የጠየቀው ስለ ብልጭታው ብቻ ሳይሆን ስለ ዱዓው ነበርና።

ነቢዩ አንዲት ሴት የእኅቷን ድርሻ ወደ ራሷ ሳህን ለመገልበጥ ስትል እኅቷ ከባሏ እንድትፈታ እንዳትጠይቅ ከልክለዋል። ከዚህም በሰው ጥፋት በኩል የሚመጣን ሲሳይ መለመን ነውር እንደ ሆነ እንረዳለን። ታዲያ ያ አባት ምን ይለምን? ጌታዬ ሆይ፣ ልጄን አድናት ብሎ ይለምን፤ የምትድንበትን መንገድ ግን ለጌታው አይምረጥለት። ዘከሪያ ሽማግሌ ሳሉ፣ ሚስታቸውም መካን ሳለች ልጅ ሲለምኑ እንዴት እንደሚሆን ለጌታቸው አላመለከቱም፤ ልጁን ብቻ ለመኑ።

አንድ አስተዋይ ሰው ግን፣ «ይህ የቃል ማሳመሪያ አይደለምን? መንገዱ አንድ ብቻ መሆኑን እያወቀ መድረሻውን የሚለምን ሰው መንገዱንም መለመኑ አይደለምን?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ያም አባት ራሱ ጠይቆኛል። መልሴ ይህ ነው። በየትም ሀገር ቢሆን ልጆች የሚሞቱት የጠባቂዎች መዝገብ ስላለ አይደለም። የሚሞቱት በመኪና አደጋ፣ በውኃ ስጥመት፣ በራስ ውስጥ በሚፈስ ደም ነው። መዝገቡ ባዶ ቢሆንም ያ ልጅ ይሞታል፤ ልቡም ከእርሱ ጋር በአፈር ይዋጣል። ጠባቂው አባት ከሟቹ ልጅ ላይ እርሱ ሊይዘው የሚችለውን ምንም ነገር አይወስድበትም። የከፈን ሻጩ ትርፍ በሙታን ቁጥር ይበዛል፤ ምኞቱም ከሞቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። አባትየው ግን ነገ ሰው የሠራው ደኅና ልብ ቢያመጡለት በዚያው ሰዓት ስሟን ከመዝገቡ አስፍቆ ወደ ሀገሩ ይመለሳል። ዛሬም ቢሆን ከሕፃናት ደረት ውጭ ሆኖ ደምን የሚገፋ መሣሪያ አለ፤ እርሱ ግን ለመጠበቂያ ነው እንጂ የዕድሜ ልክ ልብ አይሆንም።

«ራስህን ትመዝንበት ዘንድ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልሁት። «ዛሬ ሌሊት ከሐኪሙ ዘንድ ተደውሎ፣ አንድ ልጅ በአደጋ ተጎድቶ ሊሞት ተቃርቦ ነበር፤ ተስፋ አድርገን ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ነቃ፣ ዳነ፣ እናንተ ገና ትጠብቃላችሁ ቢሉህ ምን ትላለህ?» ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ «አልሐምዱ ሊላህ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሚስቴ እንዳታየኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ» አለኝ። እኔም ከዚህ የበለጠ ከሰው አይፈለግም አልሁት። ሸሪዓ ደስ እንዲለው አላዘዘውም። የዕቁብ በልጃቸው ሐዘን ዓይኖቻቸው እስኪነጡ አልቅሰዋል። ነቢያችንም ልጃቸው ኢብራሂም በእቅፋቸው ሲያጣጥር እንባቸው ፈስሶ፣ የተደነቀው ሰው በጠየቃቸው ጊዜ እንባው እዝነት መሆኑን ነግረውታል። እንዲህ ያለውን ወላጅ «ትዕግሥት አድርግ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የሌላቸውን ሰባኪዎች አልወዳቸውም። ትዕግሥትን የሚያስተምሩት ሌሊቱን ሙሉ የሕፃን ትንፋሽ ሲቆጥር ያደረውን ሰው ነው፤ እነርሱ ግን ተኝተው አድረዋል።

አሁን ይህ ሕክምና እንዴት እስከዚህ እንደ ደረሰ ጥቂት እናውሳ፤ ለወላጆች የሚነካ ነገር አለበትና። በ1954 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ የአንዱን መንታ ኩላሊት ለሌላው ተክለው ተሳካላቸው፤ መንትዮቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ስለ ነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቈጠረውም። በ1963 ዶክተር ቶማስ ስታርዝል በዴንቨር ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን ጉበት ለሰው ለመትከል በተነሣ ጊዜ፣ በጠረጴዛው ላይ የተኛው የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ደሙ አልቆም ብሎ በዚያው ሞተ። በ1967 በመጨረሻው ወር ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ልብ ተከለ፤ ሕመምተኛው 18 ቀን ኖረ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ዶክተር ኤድሪያን ካንትሮዊትዝ በብሩክሊን ለአንድ ጨቅላ ሕፃን ልብ ተከለ፤ ሕፃኑ የቆየው ግን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ነገሩ የተቃናው፣ ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ ሻጋታ የወጣው፣ ሰውነት የተተከለለትን አካል እንዳይዋጋ የሚያደርገው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በ1983 በአሜሪካ ለሕክምና ከተፈቀደ ወዲህ ነው። እንግዲህ የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት አባትና እናት ልጃቸውን ለሐኪሞቹ ያስረከቡት፣ ከዚያ በፊት አንድም የዳነ ልጅ ሳያዩ ነው። የእኛ ጨርቅ ነጋዴ ግን በሆስፒታሉ ኮሪደር ልብ ተተክሎላቸው የሚሮጡ ልጆችን እያየ ይጠብቅ ነበር።

የሸሪዓ ሊቃውንትም ነገሩን በብዙ መርምረውታል። በጥንት ዘመን ዐርፈጃ የተባለው ሶሓባ አፍንጫው በጦርነት ተቈርጦ ከብር የተሠራ አፍንጫ ቢያደርግ ስለ ሸተተበት፣ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ነቢዩ ከወርቅ እንዲያሠራ ፈቅደውለታል። የዛሬዎቹ ሊቃውንትም ከዚህና ይህን ከመሰለው መረጃ ተነሥተው፣ በ1982 የሳውዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማ ጉባኤ፣ በ1988 ደግሞ በጂዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ፣ አካልን ለሕመምተኛ መስጠት እንደሚፈቀድ ወሰኑ። ሰጪው በሕይወት ካለ በፈቃዱ እንዲሆንና ሕይወቱን የሚያጠፋ እንዳይሆን፣ ሟች ከሆነም በኑዛዜው ወይም በወራሾቹ ፈቃድ እንዲሆን፣ በማናቸውም መንገድ ግን እንዳይሸጥ ደነገጉ። ያልተቀበሉትም አሉ። የግብጹ ታላቅ ሰባኪ ሸይኽ ሙሐመድ ሙተወሊ አሽ ሸዕራዊ፣ ሰው የገላው ባለቤት አይደለምና የሌለውን ሊሰጥ አይችልም ይሉ ነበር። ይህ ክርክር ለነጋዴ ቶሎ ይገባዋል፤ አደራ ተቀባይ የሰውን ዕቃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይለግስም። ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን፣ አንዲትን ነፍስ ሕያው ማድረግ ሰውን ሁሉ ሕያው እንደ ማድረግ መሆኑ በማኢዳ ምዕራፍ መነገሩን የባለቤቱ ፈቃድ አድርገው ተመልክተውታል። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ሆኖም ሸይኹ ያነሡት ነገር ከልቤ አይወጣም፤ ገላ አደራ ነው ብሎ የጀመረ ሰው በኋላ እንደ ሸቀጥ ሊያየው አይችልምና።

ከሁሉ የከበደው ክርክር ሞት መቼ ነው የሚለው ነው። በ1986 በዐማን የተሰበሰበው አካዳሚ፣ የአንጎል ሥራ ሁሉ ፈጽሞ ከቆመና ሐኪሞችም እንደማይመለስ ካረጋገጡ፣ ልብ በመሣሪያ ኃይል ቢመታም ሰውየው እንደ ሞተ ይቈጠራል አለ። በ1987 የመካው የፊቅህ ጉባኤ ደግሞ መሣሪያውን ማንሣት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ልብና ትንፋሽ እስኪቆሙ ድረስ ሞቷል አይባልም አለ። የልብ ንቅለ ተከላ በዚህ ልዩነት መካከል የቆመ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱን ፈትዋ ይዞ «አልሰጥም» የሚለውን አባት ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

አሁን ደግሞ በሌላው ክፍል የቆመውን ወላጅ እንይ። ልጁ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ እጁ ይሞቃል፤ ደረቱ በመሣሪያው ይነሣል፣ ይወርዳል። ሐኪሙ ገብቶ ልጅህ ሞቷል ይለዋል፤ ዓይኑ ግን የተኛ ልጅ ያያል። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው ቀርቦ በለሰለሰ ድምፅ ያንን ጥያቄ ይጠይቀዋል። የሙሳን እናት አስቡ። ልጇን በሣጥን አድርጋ ለወንዙ በሰጠች ጊዜ ልቧ ባዶ ሆኖ ነበር፤ እኅቱንም ተከተይው ብላ ላከች። እርስዋ ግን ልጁ ወደ እርስዋ እንደሚመለስ ከጌታዋ ተነግሯት ነበር። ይህ አባት እንዲህ ያለ ነገር አልተነገረውም፤ ተከትላ የምታይለት እኅትም የለችም።

በ2005 በዒደል ፊጥር ቀን በጄኒን የስደተኞች ሰፈር አንድ የ12 ዓመት ፍልስጥኤማዊ ልጅ በእስራኤል ወታደሮች ተመታ፤ የያዘው የመጫወቻ ጠመንጃ እውነተኛ መስሎን ነው አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ በሐይፋ ሆስፒታል ሞተ። አባቱ ኢስማዒል ኸጢብ ቀደም ሲል የራሱ ወንድም የሚተከልለት አካል ሲጠብቅ ሞቶበት ነበር፤ የልጁን አካል ለመስጠት ፈቀደ። በእስራኤል የሚኖሩ ስድስት ሰዎች ተቀበሉት፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ አይሁድም ዐረብም ድሩዝም ነበሩባቸው። ታሪኩ በ2008 «የጄኒን ልብ» በተባለ ፊልም ወጥቷል። አካሉን ከተቀበሉት ልጆች የአንዷ አባት ለጋሹ ማን መሆኑን ሳያውቅ፣ ከዐረብ ባይሆን እመርጣለሁ ብሎ ተናግሮ ነበር፤ በኋላ ግን የሟቹን ልጅ አባት በቤቱ ተቀበለው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። እኔ ጨርቅ ነጋዴውን፣ «የሚመጣው ልብ ከማን ልጅ እንዲሆን ትወዳለህ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለዚህም አልጠየቅሁትም። የኸጢብን ነገር የነገርሁት ግን እርሱ የልጁን ልብ ሲሰጥ የተቀባዮቹን ስም እንዳልመረጠ ያውቅ ዘንድ ነው።

ልብ ከሙት እንጂ ከሕያው አይሰጥም። ኩላሊትና ጉበት ግን ከሕያው ሰው ሊሰጡ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ የወላጅ ፈተና መልኩን ይለውጣል። የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ለተወለደ ሕፃን፣ አባቱ ወይም እናቱ ከጉበታቸው ጥቂቱን ቢሰጡት፣ የሰጪው ጉበት ተመልሶ ያድጋል፤ የተሰጠውም ከሕፃኑ ጋር ያድጋል። በ1989 በአውስትራሊያ በብሪዝበን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በአሜሪካ በቺካጎ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተደረገው ተሳካ። የቺካጎዎቹ ሐኪሞች ቢላዋ ከማንሣታቸው በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አውጥተው ተከራክረውበታል፤ ልጇ እየሞተባት ያለች እናት «እምቢ» ለማለት እውነተኛ ነፃነት አላትን? ብለው። በዚያ ቀዶ ሕክምና ልጂቱ ዳነች፤ እናቲቱ ግን ጣፊያዋን አጣች። ስለዚህ ይህ ስጦታ ያለ አደጋ አይደለም፤ ሰጪው ራሱ የሚሞትበትም ጊዜ አለ፣ ምንም እንኳ ጥቂት ቢሆን።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ አባትና እናት ከገላቸው ቢሰጡ ታላቅ ምንዳ አላቸው፤ ባይሰጡ ግን ማንም ወንጀለኛ ሊላቸው አይችልም። አራት ልጆች የምታጠባና የምታሳድግ እናት አምስተኛው እንዲድን አራቱን ያለ እናት የማስቀረትን አደጋ ብትፈራ፣ ፍርሃቷ ከእናትነት የመጣ ነው። በየቤተ ሰቡ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ያላገባችው እኅት ወይም ድኻው የአጎት ልጅ «አንተ ነህ የሚስማማህ» ተብሎ ይከበባል። እንዲህ ተከቦ የሚሰጥ ኩላሊት በፈቃድ የተሰጠ አይደለም። ከዚህም የባሰ አለ። ታናሽ ወንድም ገና ሕፃን ሳለ ለታላቁ እንዲሰጥ መፍቀድ ለወላጅ አልተፈቀደም፤ የሕፃን ፈቃድ ፈቃድ አይባልምና። አባት ለልጆቹ ሁሉ አደራ ጠባቂ ነው፤ ከአንዱ አደራ ቈርሶ ሌላውን አይሞላም።

(ተርጓሚው እንዲህ ይላል፦ በሀገራችን በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ከሕያው ዘመድ የሚሰጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ስለዚህ ከላይ የተነገረው የቤተ ሰብ ጉባኤ ነገር ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም።)

ስለ መሸጥ ብዙ አልልም፤ ፍርዱ ግልጽ ነውና። ድኻ ኩላሊቱን ሸጦ፣ ደላላ የዋጋውን እኩሌታ በልቶ፣ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ የሚደረገው ንግድ በብዙ ሀገር ታይቷል፤ በ2008 በኢስታንቡል የተሰበሰቡ የዓለም ሐኪሞችም አውግዘውታል። ገንዘብ ያለው ነጋዴ ልጁ ሲታመምበት ለዚህ ፈተና ከሌላው ሰው ይልቅ ቅርብ ነው፤ በዋጋ የማይገኝ ነገር እንዳለ ከዚያ በፊት አላየምና። የሌላ አባት ልጅ በድኽነት ምክንያት የአካሉን ክፍል ሲያጣ፣ ያኛው አባት ደግሞ «እኔ ከፍያለሁ» ብሎ በሰላም እንዲተኛ ሸሪዓ መንገድ አላበጀለትም።

የጨርቅ ነጋዴው ልጅ በሰባተኛው ወር ልብ አገኘች። ሆስፒታሉ የለጋሹን ስም አልነገራቸውም፤ በብዙ ሀገር ደንቡ እንዲህ ነው። ስም የሌለበት ደብዳቤ በሆስፒታሉ በኩል መላክ ግን ይቻላል ተባለ። በቀን አርባ ደረሰኝ ሲጽፍ የሚውለው ይህ ሰው ለሦስት ሳምንት አንድ መስመር መጻፍ አቃተው። የተቀበለው ዕዳ አበዳሪው የማይታወቅ፣ መክፈያ ቀኑም ያልተጻፈ ነበር። በመጨረሻ ልጂቱ ደረጃ እንደ ወጣች፣ ስንት ደረጃ እንደ ሆነም ጽፎ ላከ። መልስ አልመጣም፤ ላይመጣም ይችላል። የሰጠ ወላጅ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቤት የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ጉበቷን ወይም ኩላሊቷን የሰጠች እናት ልጁ በጎረመሰና ባስቸገረ ጊዜ፣ «እኔ ከሆዴ ቈርጬ የሰጠሁህ» የሚለው ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ትጠንቀቅ። ምጽዋትን በመመጻደቅ ማበላሸት በቁርኣን ተከልክሏል፤ የገላ ምጽዋትም ከዚህ አይወጣም። ያን ቃል የሰማ ልጅ በገዛ ሆዱ ውስጥ ያለውን አካል እንደ ሌላ ሰው ንብረት ማየት ይጀምራል፤ መድኃኒቱንም በእልህ ሊተው ይችላል። ሐኪሞች የተተከለ አካል ከሁሉ ይልቅ የሚጠፋው በዚህ በጉርምስና ዘመን ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ መድኃኒት መተው ነው።

መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ፣ በተወሰነለት ሰዓት የሚወሰድ ነው። «አሁንማ ድናለች» ብሎ ማቋረጥ የለም። ረመዳን ሲመጣ አያቶች ልጂቱ እንድትፆም ይወዳሉ፤ እርስዋም ከእኩዮቿ ማነስ ያሳፍራታል። ለሕመምተኛ የተሰጠውን ፈቃድ አላህ ራሱ ነው የሰጠው፤ የሚወስነውም የአያት ፍቅር ሳይሆን የሚከታተላት ሐኪም ነው። እርሱ ካልፈቀደ አትፁም፤ ያም ከሌሎች ልጆች እንደማያሳንሳት አባቷ በማዕድ ፊት ይንገራት። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት ሲሆናትም እናቷ የመድኃኒቱን ሣጥን ቈልፋ ከራሷ ዘንድ ማኖሯን ትተው። በሐኪሙ ፊት ከልጂቱ ጋር ቈጥራ፣ የስንት ቀን መድኃኒት እንደ ቀረ ጽፋ፣ አደራ ሲረካከቡ እንደሚደረገው ታስረክባት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራትም ማታ ማታ አብራት ትቍጠር።